ለጀማሪ የሚሆነው

ዋልልኝ ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተርና ሞባይል የሚጠግን የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ከቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የሰፈሩ ሰው «ኢንጂነር» ይለዋል። መጀመሪያ አካባቢ «ኧረ እኔ ኢንጂነር አይደለሁም» እያለ ያርም ነበር። ቆይቶ ማረሙን ተወ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በስሙ የሚጠራው ሰው ሲያጋጥመው ቅር ይለው ጀመር።

ሙያው አይታማም። የተሰነጠቀ የስልክ መስታወት ሲቀይር፣ የላላ የቻርጀር መሰኪያ ሲበይድ እጁ አይንቀጠቀጥም። ክፉ አመሉ ሌላ ነበር፤ የማያውቀውን ሲጠይቁት «አላውቅም» የምትለው ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ትሰነቀርበታለች።

በ2015 ዓ.ም. ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ውዴ የምትባል ሴት ላፕቶፕ በነጠላ ጠቅልላ መጣች። ውዴ የአንበሳሜ ልጅ ናት። ሰባት ዓመት ኩዌት ሰው ቤት ሠርታ ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጽሕፈት ቤት ከፍታ የባለጉዳይ አቤቱታ እየጻፈች ታትማለች። ዋልልኝን አምስት ዓመት ያህል ትበልጠዋለች።

«ወንድሜ፣ ይቺ ነገር ልታሳብደኝ ነው» አለች ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ። «ባለጉዳዩ ሁሉ ቫይረሱን በፍላሽ ይዞልኝ ይመጣል። ጠዋት ስከፍታት ሩብ ሰዓት፣ ማታ ስዘጋት ሩብ ሰዓት። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሊኑክስ የሚባል አለ፣ ለአሮጌ ላፕቶፕ ይቀለዋል፣ ቫይረስም እንደዚህ አያስቸግረውም አሉኝ። ግን ዓይነቱ ብዙ ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ጀማሪ ነኝ። ለእንደኔ ያለው የሚሆነው የትኛው ነው?»

«ምን ምን ትሠሪበታለሽ?» አላት ዋልልኝ።

«አማርኛ እጽፋለሁ። አትማለሁ። ከዚያ ደግሞ…» አለችና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። «ከዚያ ደግሞ ጌም እጫወታለሁ።»

ኩዌት ሳለች ደላል የምትባል የአሠሪዎቿን ልጅ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጅቷ ከፍ ስትል የእርሻ ጨዋታ አስለመደቻት። መሬት ይመነጠራል፣ ዘር ይዘራል፣ ላምና ዶሮ ይረባል። ውዴ የገበሬ ልጅ ናትና ዝናሙ የሚመጣበትን ቀን ቀድማ እየገመተች ልጅቷን ታስገርማት ነበር። አገሯ ስትገባ ደላል አሮጌ ላፕቶፗን ሰጠቻት። ከዚያ ወዲህ በየዓርቡ ረፋድ አንዷ ኩዌት ሌላዋ ደብረ ታቦር ሆነው በኢንተርኔት እዚያው እርሻቸው ላይ ይገናኛሉ። ዋናዋን ላም ቡሬ ብላ ያወጣችላት ውዴ ናት።

«የጽሕፈት ሥራዬን በፍላሽ አውጥቼዋለሁ» አለች። «እርሻው ግን የት እንደሚቀመጥ ስለማላውቅ እዚሁ ውስጥ ነው። ሦስት ዓመት የለፋንበት ነው። እሱን ብቻ አደራህን።»

«ግድ የለሽም፤ ጌም ምን ችግር አለው» አለ ዋልልኝ።

እዚያው ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ወርቁ የሚባል የፊዚክስ መምህር ከአግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ያዳምጥ ነበር። ለክፋት አይደለም፣ እንዲያው ወሬው ስቦት ጣልቃ ገባ። «ለእሷ ሚንት የሚባለው ጥሩ ይመስለኛል» አለ። «እኔም እሱን ነው የምጠቀመው። መልኩ ከለመደችው ብዙ አይርቅም። ጨዋታውንም ስቲም በሚባለው የጌም መደብር በኩል ያጫውታታል። ካልሆነም ኡቡንቱ አለ።»

ዋልልኝ ፊቱ ጋለ። በገዛ ሱቁ፣ በገዛ ደንበኛው ፊት መልሱን ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ሲያየው የተነጠቀ ያህል ተሰማው። እውነቱን ለመናገር ሊኑክስን ሁለት ጊዜ ነው የጫነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቪዲዮ እያየ።

«ሚንት የሕፃን ነው» አለ። «እኔ የምጭንልሽ አርች የሚባለውን ነው። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት እሱን ነው። እንደ ጥይት ነው የሚፈጥነው።»

ወርቁ «አርች ለጀማሪ…» ብሎ ጀመረና የዋልልኝን ፊት አይቶ ተወው። ውዴ ግን ደስ አላት። «ኢንጂነሩ ያለው ይሁን» ብላ ሄደች።

በማግሥቱ ዋልልኝ ቪዲዮውን ከፍቶ ሥራውን ጀመረ። ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ በትእዛዝ እየተጻፈ የሚጫን ነገር ነው። ዲስኩን የሚከፋፍልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ውዴ ያለችው ትዝ አለው፤ አልረሳውም። ግን ጨዋታ ነው፣ ተመልሶ ከኢንተርኔት ይወርዳል ብሎ አቀለለው። ሙሉውን ዲስክ አጠፋው።

ሁለት ቀን ታገለ። ዋይፋዩ አልነሣ አለው። እሱን ሲያስነሣ የአማርኛው ፊደል በሙሉ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ወጣ። እሱን እንዳቃናው ስቲም አልከፈት አለ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጨዋታው እንዴት እንደሚጫን ሲያነብ አንድ መስመር ላይ ዓይኑ ቆመ። እርሻው የሚቀመጠው ጨዋታውን በሚያስተናግደው ሰው ዲስክ ላይ ነው ይላል። ሌላ ቦታ የለም። አንድ የተደበቀ ፎልደር ውስጥ ነበር፤ ፈልጎ ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም አምጥቶ እስኪመሽ ፈለገ። ያገኘው ብጥስጣሽ ነበር።

ውዴ ስትመጣ ዓይኗን ሳያይ «ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ነው ያገኘሁት» አላት።

«እንዴ! ምን ሆኖ?»

እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። አላቆመም። «ሙቀት ነው» አለ። «ሳታሳርፊው ሙሉ ቀን ትሠሪበት ነበር መሰለኝ። ዲስኩን እንደምንም አዳንኩት፤ ውስጡ የነበረው ግን አልተረፈም።»

ውዴ ላፕቶፑን በመዳፏ ዳሰሰችው። «እርሻውም?»

«እርሻውም።»

ቆይታ «እኔው ነኛ፤ ሥራ በዝቶ አላሳርፋት አልኩ» አለችና እሱን አመስግና፣ ዋልልኝ የላፕቶፑን ትእዛዞች ጽፎ የሰጣትን ወረቀት አጣጥፋ በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። ማመስገኗ ዋልልኝን ጀርባው ላይ እንደተመታ አደረገው። ያን ቀን ሌላ ሥራ መሥራት አልቻለም።

በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ላፕቶፑን አሁንም በነጠላ ሸፍናዋለች፤ የዚህ ጊዜው አሸፋፈን ግን ሰው እንዳያየው ይመስላል። ከቦርሳዋ የተማሪ ደብተር አወጣች። የዋልልኝን ትእዛዞች በአማርኛ ፊደል እንደሚነበቡ አድርጋ በሰማያዊ እስክሪብቶ ገልብጣቸዋለች፤ «ሱዶ ፓክማን» እያለች፣ ገጽ ሙሉ።

«አትሣቅብኝ» አለችው። «በቃሌ ላጠናው ሞከርኩ። አንዷን ፊደል ስስት ሁሉም እንቢ ይለኛል። ትናንት ማተሚያውን ላስነሣ ስል ጭራሽ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ባለጉዳዮቹ ቆመው ያዩኛል። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ሴት ምኑን አውቄ ነው የባለሙያ ዕቃ የማስጭነው? ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ የተበላሸውን ሃርድ ዲስክ አድነህ በደንብ ሠርተህ ሰጠኸኝ፤ እኔ ደንቆሮዋ አበላሸሁት።»

ወርቁም የዚያን ዕለት ስልኩን ሊወስድ መጥቶ ይሰማ ነበር። ደብተሩን አየ። «ሃርድ ዲስኩን ቀየርከው እንዴ?» ሲል ዋልልኝን ጠየቀው።

«ጠገንኩት» አለ ዋልልኝ።

ወርቁ አየው። የሞተ ሃርድ ዲስክ እንደማይጠገን ያውቃል፤ ዋልልኝም እንደሚያውቅ ያውቃል። መምህሩ ስልኩን ተቀብሎ ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ዋልልኝ ላፕቶፑን አስነሥቶ፣ ማተሚያውን ለጊዜው አሠርቶ ውዴን ሸኛት። እውነቱን ሊነግራት ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቷል፤ ሦስቱንም ጊዜ የወጣው ስለ ማተሚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት መጥፎ ነበር። ሰው «ኢንጂነር» ሲለው ይሰቀጥጠዋል። ምግብ ላይ ሲቀመጥ ያ በሰማያዊ የተጻፈ ደብተር ፊቱ ይመጣል። እሁድ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ውዴን በሴቶቹ በኩል አያትና ሰው ሳይበተን በጓሮው በር ሾልኮ ወጣ። ሌባ የሆነ መሰለው። እንዲያውም ሌባ ይሻላል አለ በልቡ፤ ሌባ የሰረቀውን ሰው ጥፋቱ ያንተ ነው አይለውም።

በሚቀጥለው ዓርብ ረፋድ ላይ ሱቁን ቆልፎ ወደ ፍርድ ቤቱ ወጣ። ብርዳም ቀን ነበር፤ ነፋሱ አቧራውን ከመንገዱ ላይ እያነሣ ይወስዳል። ውዴ ጽሕፈት ቤቷ ውስጥ ጎንበስ ብላ በእጇ ትጽፋለች። ላፕቶፑ ጥግ ላይ ተዘግቶ ወረቀት ተቆልሎበታል። አባ ዘውገ የሚባሉ ከጋፋት የመጡ ሽማግሌ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ስለ ድንበር ክርክራቸው እያስጻፏት ነው።

«ትንሽ ይታገሡኝ አባባ» አለቻቸው። «በእጅ ጽፌ ስጨርስ እጎረቤት ወስጄ አስተይብልዎታለሁ።»

«ምነው እኔ መጥቼ ሳይሽ በመኪናው አልነበር እንዴ የምትጥፊ?» አሏት።

«ተበላሸብኝ።»

ዋልልኝ በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሰማ። ሰላምታ መስጠት እንዳለበት እንኳ ረሳ።

«እታለም» አለ። «ሃርድ ዲስኩ ደህና ነበር።»

ውዴ ቀና ብላ አየችው። «ምን?»

«አልተበላሸም ነበር። ሙቀትም አላገኘውም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አደራ ብለሽኝ ነበር፤ ሰምቼሻለሁ። ጌም ነው ብዬ ናቅኩት። የጫንኩልሽም ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ወርቁ የነገረሽ ነበር ትክክሉ። እኔ እሱ ስለቀደመኝ አፍሬ ነው ሌላ ያመጣሁት። ራሴም በደንብ አላውቀውም። ያልገባሽ አንቺ ደንቆሮ ሆነሽ አይደለም።»

ውዴ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። አባ ዘውገ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያዩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ስንት ቀን ሆነው?» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ ስምንት።»

«አሥራ ስምንት ቀን። ደንቆሮ ነኝ እያልኩ ስነግርህ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር።»

ዋልልኝ የበሩን መቃን ያዘ።

«ለልጅቷ ምን እንዳልኳት ታውቃለህ?» ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ይልቅ ዝቅ አለ። «በቸልታዬ አቃጠልኩት አልኳት። አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓርብ ደወልኩላት፣ አላነሣችም። እኔ አሳድጌያት! አትጠነቀቅልኝም ብላ ነው። ማጥፋቱስ ይሁን፣ ሰው ነህ። ጥፋቱን እኔ ላይ መለጠፍህ ግን ምን አድርጌህ ነው?»

«ምንም» አለ።

ስልኳን አንሥታ ለደላል መልእክት ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ። በቪዲዮው ላይ ጠጉሯን ሁለት ቦታ የጎነጎነች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊቷን ቅጭም አድርጋ ታየች። ውዴ በዐረብኛ ጥቂት ተናገረችና ስልኩን ወደ ዋልልኝ አዞረችው። «ለእኔ የነገርከኝን ንገራት። እኔ አስተረጉምልሃለሁ።»

በሕይወቱ እንደዚያ የከበደው ነገር የለም። በሽማግሌ ፊት፣ በር ላይ ቆመው ተራ በሚጠብቁ ባለጉዳዮች ፊት፣ በማያውቀው አገር ላለች ልጅ «እኔ ነኝ። እሷ አይደለችም። ከዚያም ዋሸሁ» አለ። ውዴ አንድ ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ አስተረጎመች።

ልጅቷ አፍጥጣ አየችው። «ቡሬም?» አለች፤ ያቺን አንዲት የአማርኛ ስም ዋልልኝ ያለ አስተርጓሚ ሰማት።

«ቡሬም» አለ።

ቀጥላ አንድ ነገር ጠየቀች። ውዴ ተረጎመችው። «ካላወቀ ለምን ሰው አልጠየቀም? ትላለች።»

ዋልልኝ ወለሉን አየ። ልጅቷ ጥቂት ጠብቃ ከውዴ ጋር ማውራት ጀመረች። ስትናገር አለቀሰች፤ ውዴም አለቀሰች፤ መጨረሻ ላይ ግን ውዴ ስልኩን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሳመችው።

ስልኩ ሲዘጋ ዋልልኝ «ሚንትን ልጫንልሽ?» አለ።

«አንተማ አትነካትም» አለች። «እኔው ነኝ የምጭነው። የሚጫንበትን ፍላሽ አምጣና እዚያ ተቀመጥ። ስጠይቅህ ብቻ ትመልሳለህ።»

ፍላሹ ያለው ወርቁ ዘንድ ነበር። ዋልልኝ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ መምህራን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ የሠራውን ሁሉ ነገረው። ወርቁ ጨርሶ አልተገረመም። «ጠርጥሬ ነበር» አለ። «እኔም ዝም ማለት አልነበረብኝም።» ፍላሹን ሰጠው።

ከሰዓት በኋላ ውዴ ላፕቶፑን ከወረቀቱ ክምር ሥር አወጣች። ዋልልኝ ከአባ ዘውገ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው በእጅ የተጻፈውን እንቢ ብለው በመኪና ሲጻፍ ካላየሁ ብለው ቀርተዋል።

«መጀመሪያ ምን ላድርግ?»

«ፍላሹን ሰኪና አስነሺው። ሳትጭኚው ሙሉውን ታይዋለሽ። ማተሚያሽን፣ ኢንተርኔቱን፣ አማርኛውን ሞክሪ። ካልወደድሽው ፍላሹን ነቅለሽ መተው ነው፤ ዲስኩን አይነካውም።»

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። «ሳይጫን ይሞከራል እንዴ?»

«ይሞከራል።»

«ያን ቀንም ይሞከር ነበር?»

«ይሞከር ነበር።»

አላየችውም። ፍላሹን ሰካች።

ገጹ ሲከፈት ከታች ጥግ ላይ እንደለመደችው ዝርዝሩ አለ። ማተሚያውን ስታገናኘው ስሙን ራሱ አወቀው። አማርኛው ቁልጭ ብሎ ተነበበ፤ መጻፊያውን ለመጨመር ግን ግማሽ ሰዓት ፈጀባት፤ በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉት አቤቱታዎቿም ተዘበራርቀው ወጡ። «ይኼኛው ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላ ጠየቀችው። «እሱን አላውቀውም፤ ወርቁን ጠይቄ እነግርሻለሁ» አላት። መጫኑን በጀመረች ጊዜ ዲስኩ ይጥፋ ወይ የሚለውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ «የሚጠፋ ምን ቀርቶ» ብላ እሺን ተጫነች።

የአባ ዘውገ አቤቱታ አሥር ሰዓት ገደማ ታትሞ ወጣ። ሽማግሌው ወረቀቱን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት። «እንግዲህ እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሏት። ሲወጡ ዋልልኝን ትከሻውን ነካ አድርገውት አለፉ። ማበረታቻ ይሁን ተግሣጽ አልለየለትም።

ስቲምም ተከፈተ፤ የእርሻው ጨዋታ ግን በዚያ ኔትወርክ ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። ዋልልኝ እስኪያልቅ ልጠብቅ አለ። «ሂድ አንተ፣ ሰው ሱቅህ በር ላይ ይቆማል» አለችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም። እሱም አልጠየቃት። ከዚያ ወዲያ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ሱቁ መጥታ አታውቅም፤ የሚያስቸግራት ነገር ሲኖር ለወርቁ እንደምትደውል ሰማ።

መጋቢት ውስጥ አንድ ቀን አንበሳሜ የሚሄደው ሚኒባስ አጠገብ ተገናኙ። እናቷን ልትጠይቅ እየሄደች ነበር። ዋልልኝ መንገድ ለመቀየር ፈልጎ ነበር፤ ቀድማ አየችው።

«ደህና ነህ?» አለችው።

«ደህና። ላፕቶፑስ?»

«አላስቸገረችኝም።» ዘንቢሏን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች። «ከደላል ጋር አዲስ እርሻ ጀምረናል። ገና ድንጋይ እየለቀምን ነው።»

«እሰይ» አለ ዋልልኝ።

«በዚህኛው ላይ ግን እርሻው የሚቀመጠው በእሷ ኮምፒውተር ነው» አለች ውዴ። «ደብረ ታቦር አላስቀምጥም አለችኝ።»

ረዳቱ ጠራትና ገባች። ዋልልኝ ሚኒባሱ እስኪንቀሳቀስ እዚያው ቆመ፤ ፊቱ ግን በዚያ የጠዋት ብርድ ይግላል።